የሚበላ ሽማግሌ ይላክልኝ

ሰው "ጨዋ" የሚለውን ቃል ሲጠቀም በሰማሁ ቁጥር የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ማጣራት ልማዴ ነው። በኛ አገር፣ በመንዝ፣ ቃሉ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ሰው አክባሪ፣ አንደበተ ቁጥብ፣ እንግዳ ተቀባይ ማለት ነው። ሁለተኛው ሰባት ቤት ቢቆጠር ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ ወይም ቆዳ የፋቀ ዘመድ የማይገኝለት ማለት ነው። ሁለቱን ባንድ ቃል ጠቅልለው ያወረሱን አባቶቻችን ምን ያህል ብልጦች እንደነበሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰውን በትውልዱ ምክንያት ደጅ አስቀምጠኸው እንኳ ሥርዓት አዋቂ ተብለህ ትመሰገናለህ።

ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም በሁለቱም በኩል ጨዋ ነበሩ። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ካለ አምባ ላይ ገብስ እየዘሩና በግ እያረቡ ይኖራሉ። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ድንበር ያካልላሉ፣ ከግሼ ድረስ ለሽምግልና ይጠራሉ። ሰው ቤታቸው ሲገባ ተቀምጠው አይተውት አያውቁም። የገባችው ልጅ ያዘለች ጎረቤት ብትሆን እንኳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ ይሉና "ኖር" ይላሉ፤ እሷም "በእግዜር" ብላ ቦታዋን እስክትይዝ አይቀመጡም። እንግዳ ሳይጀምር አይቆርሱም። ሲሄድ ከአጥሩ በር አልፈው ሳይሸኙት አይመለሱም። ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ ውሸቱን መሆኑን እያወቁም እስኪጨርስ ጠብቀው "እንደሱም ይሆናል" ነው የሚሉት። እኔንም በዚሁ ቀርጸው አሳደጉኝ። ለታላቅ ማስታጠብ፣ በሁለት እጅ መቀበል፣ ሽማግሌ ሲያልፍ መንገድ መልቀቅ ከፊደል ቀድሞ የተማርኩት ነው።

ማረሻቸውን የሚሠራላቸው ባለ እጅ ሲመጣ ግን አይነሡም ነበር። ክፉ ቃል አይወጣቸውም። ጤናውን፣ የልጆቹን ደኅንነት፣ ባገሩ ዝናም መጣሉን አለመጣሉን አንድ በአንድ ይጠይቁታል። እሱ የሚቀመጠው ግን ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ነው። ጠላው የሚቀርብለት አፉ በተሸረፈ ቅል ነው፤ ቅሉም ከጓሮ ካቡ ሥር ተሸጉጦ ይኖራል እንጂ ከቤት ዕቃ ጋር አይቀመጥም። ልጆች ሆነን ምሳችንን ይዘን ብቅ ካልን ሴቶቹ በነጠላቸው ሸፍነው ያስገቡናል። ዓይኑ ይበላል ይባላል። ሰውዬው ያንን ሁሉ እያየ አመስግኖ ጠጥቶ ይሄድ ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን አንድም ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው የለም። እንደዚያ ያለ ሰላማዊ ውርደት ሌላ ቦታ አላየሁም።

መንግሥት ተለውጦ፣ እኔም ደብረ ብርሃን የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ ሞላሌ ስመደብ፣ ዘመኑ በየስብሰባው የሚመሰገንበት ጊዜ ላይ ደረስን። የጠጠር መንገዱ ተስተካከለ፣ መብራት ገባ፣ ትንሽ ቆይቶ ሞባይል መጣ። እነዚህን አልነቅፍም። በኩራዝ የፈተና ወረቀት ሳርም ዓይኔን ያጨናበስኩ ሰው መብራትን አልጠላም። የምንቀው ሽቦው በግድግዳው ላይ ስላለፈ እሱም አብሮ የሠለጠነ የሚመስለውን ሰው ነው። አንድ ጎረምሳ ከመኪና መስኮት ሆኖ ለሽማግሌ አገጩን ነቅነቅ አድርጎ ሲያልፍ አየሁትና ነገሩን ብጠይቀው ዘመኑ የፍጥነት ነው አለኝ። ምን እንዲህ እንዳስቸኮለው ለማየት በዓይኔ ተከተልኩት። ከረንቡላ ቤት ገብቶ ውሎውን እዚያው አደረገ።

የዚህ ሁሉ ሰባኪ አንድ የወረዳው ኃላፊ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። አገሩ መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ብዙ የማይርቅ ቀበሌ ነው። በስልክ ለመነጋገር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ መውጣት ግድ በነበረበት ጊዜ እሱ ሁለት ሞባይል ነበረው፤ ስብሰባ ሲመራ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያስተኛቸዋል። "ኋላ ቀር አመለካከት" ከአፉ አይለይም። ግምገማ ላይ፣ ትናንት የተቀጠረ ልጅ ተነሥቶ የአባቱን እኩያ መምህር አንተ እያለ በስንፍና ሲወርፈው ራሱን እየነቀነቀ ያበረታታዋል። መምህሩ መልስ ልስጥ ሲሉ ሂስ መዋጥ ልመዱ ይባላሉ። ይህን ግልጽነት ይለዋል። እኔ የማውቀው ስሙ ብልግና ነው።

አንድ የጥምቀት ሰሞን ይኸው ኃላፊ አጎቴ ቤት ተጋብዞ መጣ። አምባው ከፍታ ላይ ስለሆነ ስልኩ ሠራለት፤ ከደጃፉ እየተነጋገረ ገባ። አጎቴ ተነሥተው "ኖር" አሉ። እሱ በእጁ ቆይ የሚል ምልክት አሳይቷቸው ንግግሩን ቀጠለ። አጎቴም "በእግዜር" እስኪባሉ መቀመጥ አያውቁምና በሚያማቸው ጉልበታቸው ቆመው ቆዩ። እሱ ተነጋግሮ ሲጨርስ ሳያያቸው ተቀመጠ።

ጠላው ከቀረበ በኋላ ወሬው ወደ ዘመን ዞረ። ኃላፊው የሰው ልጅ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይሄድ፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ መንገዱን እየጠቀሰ አስረዳ። አጎቴ እስኪጨርስ ጠበቁና መንገዱ መልካም እንደሆነ፣ ግን ሰው ሰውን አይቶ ካልተነሣ በመንገዱ ወዴት እንደሚሄድ እንዳልገባቸው ተናገሩ። አንዱ የሰው ልጅ እያደገ ነው፣ ሌላው እየወረደ ነው ሲሉ እኔ መሐል ተቀምጬ እሰማለሁ። በዚህ መካከል ባለ እጁ የተሠሩትን ማረሻዎች ይዞ ደረሰ። አጎቴ ከተቀመጡበት ጤናውን ጠየቁት። ኃላፊውም ከተቀመጠበት "አምራች ዜጋ" ብሎ አሞገሰው። ሰውዬው ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ቅሏም ከካቡ ሥር ወጣች። ያ ሁሉ ክርክር ሲደረግ ሁለቱ ያለ አንዳች ክርክር የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ትምህርት ቤታችን ተመደበች። ቀጭን፣ ንግግሯ እንደ ደረቅ እንጨት የሚሰበር፣ ሳቋን የማታባክን ሴት ናት። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያጠፋ አትጮህም፤ ዝም ብላ ታየዋለች፣ ልጁ ራሱ ይቀመጣል። እኔና እሷ በዕረፍት ሰዓት ሻይ ቤት አብረን መቀመጥ ጀመርን። አንድ ቀን ኃላፊው እኛ ጋ መጥቶ ተቀመጠና አገሯን ጠየቃት። መርሐቤቴ ስትለው ደስ ብሎት የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀ። እሷም አባቷ ቀጥቃጭ፣ እናቷም ሸክላ ሠሪ እንደሆኑ፣ ሰዓት እንደሚነገር በተራ ድምፅ ነገረችው። ሰፈራቸውን አወቀው። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀና የለውጡ ሕያው ምስክር መሆኗን፣ እንደሷ ያሉትን አገሪቱ እንደምትፈልግ ተናገረ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሁሉ መስሎኝ ነበር።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሦስታችን በስተቀር ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ግን ወሬውን ያልሰማ የሞላሌ ሰው አልቀረም።

ማንም አልሰደባትም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ባገሬ ሰው ጨዋነት ላይ ያለኝ ንቀት ከዚህ ይጀምራል። አከራይዋ እየተሽቆጠቆጡ መጥተው፣ ልጃቸው ከደብረ ብርሃን ሊመለስ ስለሆነ ቤቱን ብትለቅላቸው እግዚአብሔር እንደሚክስላት ለመኗት። ያ ልጅ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ምሳዋን ከእሷ ጋር ትቆርስ የነበረችው የቢሮ ጸሐፊ ድንገት ሆዷ ምሳ የማይፈልግ ሆነ። ሻይ ቤት ደግሞ ለሁላችን በብርጭቆ ሲቀርብ ለእሷ ብቻ በቀይ የፕላስቲክ ኩባያ መጣላት፤ አስተናጋጇም አዲስ ነው፣ ለአንቺ ብለን ነው አለቻት በፈገግታ። መምህርቷ ኩባያውን አንሥታ ዞር ዞር አድርጋ አየችው።

"አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በተሸረፈ ቅል ነው የጠጣው" አለችኝ። "እኔ ፕላስቲክ ደርሻለሁ። ዕድገት የለም የሚል ሰው ካጋጠመህ ይህን አሳየው።"

ከዚያም ሻይዋን ጠጣች። ላገባት የቆረጥኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ነገሩን ስገልጽላት አልተገረመችም፣ አልተሽኮረመመችምም። ማን ሽማግሌ ሆኖ እንደሚሄድ ጠየቀችኝ። አጎቴ ናቸው አልኳት። ስለ አጎቴ በደንብ ሰምታ ነበር።

"አባቴ ከታላላቅ ሰዎች ሰላምታ ሲላክለት ነው የኖረው" አለች። "ቤቱ ገብቶ ከገበታው የቆረሰለት ግን የለም። አጎትህ ገብተው ይብሉ። ከዚያ ስለ ሠርግ እናወራለን።"

ወደ አምባው ወጥቼ ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እንግዳ እንደሚሰሙ ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ትዳር መልካም እንደሆነ፣ መምህርቷም ብርቱ ልጅ መሆኗን እንደሰሙ ተናገሩ። ጾሙ ይፈታና እንነጋገርበታለን አሉኝ። ጾሙ ተፈታ፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው ነበር። ጉልበታቸው ሲሻላቸው የበቅሎዋ ሸኮና ታመመ። የበቅሎዋ ሸኮና ሲድን ምክንያት አለቀባቸውና ከውጭ ካቡ ሥር ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ።

"ልጄ፣ ሰው ጨዋ የሚባለው ድንበሩን ሲያውቅ ነው" አሉኝ። "አንተን አልከለክልህም፤ እግዜር ያሳምርልህ። እኔን ግን ይዘህ አትሂድ።"

ስሄድ ግን እንደ ልማዳቸው ከአጥሩ በር አልፈው ሸኙኝ። እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ስለ ገብሱ እያወሩኝ መጡ። እኔም በሥርዓት ሰገድ ብዬ ተሰናበትኳቸው። ሁለታችንም እንዴት ያለን ጨዋዎች ነበርን።

አማራጭ ሳጣ ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ወሬውን የበተነው እሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስለ እኩልነት በየሳምንቱ የሚሰብክ ሰው ቢያንስ ከሰው ቤት ገብቶ መብላት አያቅተውም አልኩ። ገና ሳልጨርስ ከመቀመጫው ዘለለ። ጎጂ ልማድን በተግባር የመስበር ምሳሌ እናደርገዋለን አለ። አንድ ባልደረባውንና ካሜራ አስከትሎ፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ለሽምግልና ወደ መርሐቤቴ ወረደ። ሽማግሌ የላከ ወንድ አብሮ አይሄድምና እዚያ የሆነውን የሰማሁት ከሾፌሩና በዚያ ሰሞን ከቤተሰቧ ዘንድ ከነበረችው ከመምህርቷ ነው። ሁለቱ የነገሩኝ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ሾፌሩ የምግቡን ነገር አስፍቶ መናገሩ ብቻ ነው።

ቤተሰቡ ከዋዜማው ጀምሮ ሲዘጋጅ ነበር። አባትየው በግ አርደዋል። ጎጆው ተለቅልቋል፤ እናትየው ለዚያ ቀን ብለው አዲስ ድስት ሠርተዋል። እንግዶቹ ሲገቡ ያ ቤተ ዘመድ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ተነሥቶ "ኖር" አላቸው። ኃላፊው ተቀመጠና ስለ እኩልነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ባለ እጅ የሚባል እንደሌለ፣ ሁሉም የአዳም ልጅ እንደሆነ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ እጅ የአገር መሠረት እንደሆነ አስረዳ። አባትየውን ከነመዶሻቸው ወናፉ አጠገብ አቁሞ፣ እጃቸውን ጨብጦ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ እጅ መታጠቢያ መጣ። ገበታው ቀረበ።

ያን ጊዜ ኃላፊው ደረቱን ያዘና ጨጓራዬን ያመኛል አለ። ቅመም ያለበት ነገር ሐኪም ከልክሎኛል አለ። ቅመም የሌለበት ጥብስ አለ ቢሉት እሱንም ከለከለኝ አለ። ባልደረባው ደግሞ ጾም ላይ ነኝ አለ፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ የአጽዋማቱም ጊዜ አይደለም። ጠላ ቢቀርብላቸው ኃላፊው ከመኪናው የታሸገ ውሃ አስመጣና ክዳኑን ከፍቶ ጠጣ። ሾፌሩ ግን ሌሊት ተነሥቶ ሲነዳ የዋለ ነውና የሦስቱንም ድርሻ በላ። እንዲህ ያለ ጥብስ በልቼ አላውቅም ብሎ ምሎልኛል።

አባትየው ሾፌሩ በልቶ እስኪጨርስ ታገሡ። እጁን አስታጠቡት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"ልጅህን ስጠን ብላችሁ መጣችሁ፤ እህሌን ግን ገፋችሁ። ልጄ ከእህሌ ናት የተሠራችው። ለላካችሁ ሰው ሰላምታዬን ንገሩልኝ። የሚበላ ሽማግሌ ይላክልኝ በሉት።"

እስከ መኪናው ድረስ ሸኟቸው።

ጥቂት ሰንብቶ በአዳራሹ ውስጥ የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው ስለ ወረዳው ማኅበራዊ ለውጥ ሲናገር በዘር ሐረግ መናናቅ ከሥሩ መነቀሉን፣ እሱ ራሱ ከባለ እጆች ቤት ገብቶ ማዕድ መቋደሱን አበሰረ። ያ ፎቶ እንደ ማስረጃ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጭብጨባ ሆነ። ጥያቄ ካለ ሲባል መምህርቷ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። ቆማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በዚያ ደረቅ ድምፅዋ፣

"ለመሆኑ ጨጓራዎ እንዴት ሆነ?" አለች።

ተቀመጠች። ሾፌሩ ወሬውን ለማን ለማን እንደበተነው አላውቅም፤ ከአንድ ጥግ የተጀመረ ሳቅ ወንበር ለወንበር እየተላለፈ ወደ መድረኩ ደረሰ። ኃላፊው አንዱን ስልኩን አንሥቶ ያልጮኸ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

ቀጥሎ የሆነውን ስናገር ዛሬም ደሜ ይፈላል። መምህርቷ ተገመገመች። ክሱ ምን ነበር ቢባል የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። ኃላፊን በሕዝብ ፊት መድፈር፣ የአነጋገር ሥርዓት አለማወቅ፣ ከማኅበረሰቡ ጨዋነት መውጣት። ትናንት ሽማግሌ መምህርን አንተ እያሉ ሲያበሻቅጡ የነበሩ ልጆች፣ ዛሬ ስለ አክብሮት አስተማሪ ሆነው ተነሡባት። ጨጓራ ማለቷ ነውር ነው ያለም ነበር። እርስዎ ብላ እንደጠየቀች፣ የታመመን መጠየቅም ደግነት እንደሆነ ብናገር ሰሚ አላገኘሁም። ወደ ግሼ ገጠር፣ መኪና በበጋ ብቻ ወደሚደርስበት ትምህርት ቤት ተዛወረች። ዕቃዋን ስትጭን ያችን ቀይ ኩባያ ከሻይ ቤት አስመጥታ ይዛት ሄደች። የኔ ናት፣ ሌላ ሰው አይጠጣባትም አለች።

እኔም ንዴቴን ይዤ ወደ አምባው ወጣሁ። አጎቴን የማማከርም፣ የመለመንም ሐሳብ አልነበረኝም፤ የሚያስተነፍሰኝ ሰው ፈልጌ ነው። ስለ ግምገማው ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያን ያህል አልደነቃቸውም። ወደ ገበታው ነገር ስደርስ ግን አቋረጡኝ። በሕይወቴ ሲያቋርጡኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

"እህል ገፋ?" አሉኝ። "ሽማግሌ ሆኖ ገብቶ?"

አዎ አልኩ። ደግመው በማን ስም እንደሄደ ጠየቁኝ። በእኔ፣ ስለዚህም በእርስዎ ስም አልኳቸው። የአባትየውንም መልእክት እንዳለ ነገርኳቸው። አጎቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። አሁን ልብ በሉ፣ ልጅቱ ስለተገፋች አልነበረም። አባትየው በሰውነታቸው ስለተዋረዱ አልነበረም። ለሳቸው ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ካለ ቤት አይሄዱም፤ ከሄዱ ግን ይበላሉ። ሽማግሌ ሆኖ ገብቶ እህል የገፋ ሰው ከሌባ ያነሰ ነው። ያም ሰው የገፋው በሳቸው ቤት ስም ነው። ነውሩ የሳቸው ሆነ።

በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት፣ ሁለት እኩዮቻቸውን በግድ ይዘው፣ በበቅሎ ወደ መርሐቤቴ ወረዱ። መንገድ ላይ አድረው ነው የደረሱት። መምህርቷ ከግሼ መጥታ ነበርና ያየችውን እንዲህ ብላ አጫውታኛለች። አጎቴ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ተነሣላቸው፤ "በእግዜር" ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማድዷል። ትንሽ ቆይቶ አባትየው ከጓዳ ጠላ ይዘው ሲወጡ፣ አጎቴ በድንገት ብድግ አሉ። መነሣት ፈልገው አልነበረም አለች፤ የቤቱ ባለቤት ሲገባ መነሣት የለመደ እግር ነው። ቆመው ራሳቸው ደነገጡ። ከተነሡ በኋላ ደግሞ "ኖር" ማለት ግድ ሆነባቸው። አሉ። አባትየው በዕድሜያቸው ከጨዋ ሰው ያንን ቃል ሰምተው አያውቁምና ጠላውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

አጎቴ ስለቀደመው ነውር ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ በሉ። እንግዳ እንደሚበላው፣ ጥቂት ቀምሶ የሚተው ሰው አበላል አይደለም፤ ጎርሰው ደግመው ጎረሱ፣ ያጎረሳቸውንም መልሰው አጎረሱ። ጠላውን እስከ አተላው ጠጡ። ልጅቱን ጠየቁ፤ ተሰጠቻቸው።

መመለሻቸው ላይ በቀጥታ ቤታቸው አልገቡም። ከአምባው ሥር ካለው ጠበል ጎራ ብለው ተጠመቁ፤ ሆዳቸውንም አሹት። ይህን የነገሩኝ አብረዋቸው የነበሩት እኩያቸው ናቸው፤ እሳቸውም አብረው ተጠምቀዋልና አላፈሩበትም። ለመምህርቷ ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ማንም ሳይነግራት አወቀች። ቢሆንም ጨጓራዬን አላሉም፤ በልተው ነው የታጠቡት አለች።

ያን ሰሞን ይህን ነገር ሳገላብጥ ከረምኩ። ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ የሚያምነው አልበላም። እኩል አይደለም ብሎ የሚያምነው በላ። አንዱ የዘመኑን ቃል ሁሉ አውቆ ከቃሉ በታች የአያቱን ሆድ ይዞ ይዞራል። ሌላው የአያቱን ሥርዓት ይዞ፣ ሥርዓቱ ራሱ አንገቱን አንቆ ከማይፈልገው ደግነት አደረሰው። ሠለጠንን የሚሉኝ ሰዎች ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያሳዩኝ አላውቅም። ድሮ ጥሩ ነበር የሚሉኝም የዚያችን ቅል ነገር ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

ሠርጋችን ሞላሌ ሆነ። ብዙ ሰው መጣ። የዚያን ዕለት ከተማዋን የጨጓራ ወረርሽኝ መታት፤ ስንቱ ሐኪም እንደከለከለው ብትሰሙ ጤና ጣቢያው ሌላ ሥራ የነበረው አይመስላችሁም። ኃላፊው በዚያው ዓመት ወደ ዞን አድጎ ሄደ። እኔ ባለቤቴን ተከትዬ ወደ ግሼ ዝውውር ጠየቅሁ፤ እዚያ መሄድ የሚፈልግ ሌላ ሰው ስላልነበረ ወዲያው ተፈቀደልኝ። ሁለታችንም እዚያው ስናስተምር ልጆች ወለድን።

አጎቴ በየዓመቱ እየመጡ ይጠይቁን ነበር። ይበሉ፣ ይጠጡ፣ ልጆቹን ይመርቁና ሲመለሱ በጠበሉ በኩል ያልፋሉ። ባለቤቴ ለመንገዳቸው ስንቅ ስትቋጥር ጠበሉን የሚቀዱበትን ኮዳ ራሷ አጥባ ታስይዛቸዋለች። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ እንደምታውቅ ያውቃሉ፤ እግዜር ይስጥሽ ብለው ይቀበሏታል። ስለዚህ ነገር በመካከላቸው አንድም ቀን ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

አንድ ዓመት ሊጠይቁን መጥተው ሳሉ ክረምቱ ቀድሞ ገባ። ዝናቡ አላባራ አለ፣ ወንዙ ሞላ፣ ማዶ መሻገር ቀረ። ጉልበታቸውም ከዳቸው። ክረምቱን በሙሉ ከእኛ ጋር ከረሙ። መጀመሪያ ሰሞን ከበሉ በኋላ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው የሚመጣባቸውን ሲጠብቁ አያቸው ነበር። የሚመጣ ነገር አልነበረም። ቀናት ሲያልፉ እጃቸው ከሆዳቸው ወረደ። ነሐሴ ላይ ባለቤቴ የምትሠራውን የገብስ ገንፎ እንድትደግምላቸው ሳህናቸውን ወደ እሷ ገፋ ማድረግ ጀመሩ።

ለዚህ የትኛውም ሰባኪ ምስጋና አይገባውም፤ ወንዝ ስለሞላ የመጣ ነገር ነው። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል በቅሎዋ ተጫነችላቸውና ሸኘናቸው። ባለቤቴ እንደ ወትሮው ኮዳውን አጥባ ከስንቁ ጋር አኖረችላቸው። በየት በኩል እንዳለፉ አልጠየቅኳቸውም።